ከመጋረጃ ጀርባ የተነፋ ትሮምቦን

ሰሞኑን ላገኘሁት ሰው ሁሉ የማወራው አንድ ታሪክ አለ፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1980 ነው። የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ዋና ትሮምቦን ነፊ ለመቅጠር 33 ሰዎች ጠርቷል። (ትሮምቦን ያ ቱቦው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተሳበ የሚነፋው የማርሽ ባንድ መሣሪያ ነው።) ከተፈታኞቹ አንዱ የኦርኬስትራው ሰዎች የሚያውቁት ሰው ልጅ ነበርና፣ አድልዎ ተደረገ እንዳይባል ሁሉም ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው እንዲጫወቱ ተወሰነ። ዘመድና ትውውቅ እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ለሚመስለው ሰው ይህች ብቻዋን ትበቃው ነበር፤ ገና ነን ግን።

16ኛዋ አሜሪካዊቷ አቢ ኮናንት ነበረች። የጥሪው ደብዳቤ የደረሳት «አቶ አቢ ኮናንት» ተብሎ ነው፤ ስሟን አይተው የወንድ መስሏቸዋል። ተጫወተች፤ አንዲት ድምፅ ተሰነጠቀችባት፤ በቃ አለቀልኝ ብላ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች። ከመጋረጃው ወዲያ ግን የሙዚቃ ዳይሬክተሩ ሰርጂዩ ቼሊቢዳኬ የምንፈልገው ይኼን ነው ብሎ ጮኸ። ተራቸውን የሚጠብቁት 17 ሰዎች ሳይነፉ ተሸኙ። ከዚያ «አቶ አቢ» ብቅ ሲሉ ሴት ናቸው! ቀሪዎቹንም ዙሮች አልፋ ተቀጠረች።

የመጋረጃው ብልሃት አሜሪካ ውስጥ ቀደም ብሎ ነበር፤ የቦስተን ሲምፎኒ በ1952 ሞክሮታል። እኔን የሚገርመኝ ትንሿ ነገር ናት፦ ዓይን ቢጋረድም የታኮ ጫማ ቋ ቋ ማለቱ ሴትነትን ያሳብቃል። ስለዚህ መድረኩ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ወይም ጫማ ይወልቃል።

ያቺ የታኮ ድምፅ ዛሬም አልጠፋችም። አማዞን ከ2014 ጀምሮ የሥራ ማመልከቻ የሚያበጥር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲሠራ ነበር። ማሽኑን ያስተማሩት በ10 ዓመት ውስጥ በገቡ ማመልከቻዎች ነው፤ አብዛኞቹ የወንዶች ናቸው። ሴት ቀንስ ያለው የለም። እሱ ግን «የሴቶች የቼዝ ክለብ» ዓይነት ሐረግ ባየ ቁጥር ነጥብ ይቆርጥ ጀመር። ታኮዋን ሰማ በሉት። ሮይተርስ በ2018 ነገሩን ሲያወጣው ኩባንያው ሥራውን ትቶት ነበር።

ወደ አቢ ልመለስ፤ የታሪኩ ጨው እዚህ ነው። የመጋረጃ ሥራ በር ላይ ያበቃል። ከገባች በኋላ በየቀኑ የሚመዝናት፣ ያውም ፊት ለፊት እያያት፣ አለቃዋ ነው። በ1981 ወደ ሁለተኛ ትሮምቦን ዝቅ ተደረገች። ትንፋሹ ያው፣ አድማጩም ያው፤ ጆሮው የመረጠውን ዓይኑ ሻረው። ለዋናው ቦታ ወንድ እንፈልጋለን ተባለች።

ከሰሰች። ኦርኬስትራው ፍርድ ቤት ቀርቦ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ጉልበት የላትም አለ። አሁን ስሙ፦ ሴትዮዋ ሳንባ ክሊኒክ ገባች። ማሽን ነፋች፤ ኦክስጅን የመሳብ አቅሟ እንዲለካ ከጆሮዋ ደም ተወሰደ። ውጤቷ ከተራው ሰው በብዙ የሚበልጥ ሆነ፤ እንዲያውም ነርሷ ስፖርተኛ ነሽ እንዴ ብላ ጠየቀቻት። አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ስትነፋ የሰማ አለቃ የሳንባ ምርመራ ውጤት ምን ይጨምርለታል? እኔ እንደሚመስለኝ የሚጠበቀው እስክትሰለች ነበር።

አልሰለቸችም። በ1988 ቦታዋን በፍርድ አስመለሰች። ደመወዟ ግን ከወንድ ባልደረቦቿ ያንሳል! እንደገና ክስ፤ እስከ 1993 ድረስ። ያንንም ረታች። በዚያው ሰሞን የትሮሲንገን የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የትሮምቦን ፕሮፌሰር አድርጎ ወሰዳት፤ ሙኒክም እንዲያ የተከራከረባትን ነፊ አጣ።