«ጉግል ላይ ካለ እውነት ነው»፦ ስለ ስማችን የምናምናቸው ስድስት ነገሮችና እውነታው

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ልጁን የሚድር ሰው የወዲያኛውን ቤት ሳያስጠይቅ አይድርም። ገበያ ላይ ዘመድ ይጠየቃል፣ የንስሐ አባት ይጠየቃሉ፣ ሽማግሌ ይሰማል። ጠያቂው ተጠያቂውን ስለሚያውቀው ወሬኛውን ከእውነተኛው ይለያል። አሁን ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ስልክ ይወጣል፤ ስም ይጻፋል፤ የመጣው ይነበባል። ባሕር ዳር ያለው ቀጣሪም፣ ውጭ አገር ያለው የአጎት ልጅም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብሎ የሚያምን ሕዝብ ስሙ በዚህ መንገድ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ይኖርበታል። በጉዳዩ ላይ የሚነገሩት ብዙዎቹ ነገሮች ግን ሰውን የሚያሳስቱ ናቸው።

ተረት 1፦ «ፌስቡክ የለኝም፤ ስለዚህ ስሜ ኢንተርኔት ላይ የለም»

እውነታ፦ የብዙዎቻችንን ስም ኢንተርኔት ላይ ያወጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። የምሩቃን ዝርዝር አለ፤ ለፈተና የተጠሩ ሥራ ፈላጊዎች ማስታወቂያ አለ፤ የእርዳታ ድርጅት ፎቶና የቴሌግራም ቻናል አለ። ባንክ ብድር ያልተመለሰበትን ቤት በሐራጅ ሲሸጥ የተበዳሪው ስም በጋዜጣ ይወጣል፤ ማስታወቂያው ወደ ድረ ገጽ ሲሻገር ስሙም አብሮ ይሻገራል። ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ጽሑፉ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ወቅትም ስለ አካባቢው መጻፉ አልቆመም። የቆመው የአካባቢው ሰው የተጻፈበትን አይቶ መልስ መስጠቱ ነው። ኢንተርኔት የማይጠቀም ሰው ከመነበብ አያመልጥም።

ተረት 2፦ «አጥፉልኝ ካልኩ ጉግል ያጠፋዋል»

እውነታ፦ ጉግል ጽሑፉ ያለበትን ቦታ ይጠቁማል እንጂ የጽሑፉ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ገጹን ያወጣው አካል ነው። እርሱ ካጠፋው ወይም ካረመው በኋላ አሮጌው ቅጂ በፍለጋ ውጤት ላይ ለጊዜው ሊታይ ስለሚችል እንዲታደስ ለጉግል ማመልከት ይቻላል። ባለገጹ እምቢ ቢልም ጉግል በማመልከቻ ከውጤቱ የሚያወጣቸው ነገሮች አሉ፤ የግል ስልክ ቁጥር፣ የቤት አድራሻ፣ የመታወቂያና የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ያለ ፈቃድ የተሠራጨ የእርቃን ምስል።

በዚህ ጉዳይ ዓለም የሚያውቀው ክርክር የተነሣው ከሐራጅ ማስታወቂያ ነው። ማሪዮ ኮስቴሃ ጎንዛሌዝ የተባለ ስፔናዊ ቤት በዕዳ ለሐራጅ መቅረቡን ላ ቫንጓርዲያ የተባለው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1998 አትሞ ነበር። ጉዳዩ ካለፈ ከዓመታት በኋላም የሰውዬው ስም ሲፈለግ ይኸው ማስታወቂያ ይመጣ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 2014 በሰጠው ውሳኔ፣ ጊዜ ያለፈበትና አግባብነት ያጣ መረጃ ከአንድ ሰው ስም ፍለጋ ላይ እንዲነሣ መጠየቅ እንደሚቻል አረጋገጠ። ልብ ይበሉ፤ የተነሣው ከፍለጋው ነው፤ ጽሑፉ ከጋዜጣው ድረ ገጽ እንዲጠፋ አልታዘዘም። ውሳኔውም አውሮፓን እንጂ ደብረ ታቦርን አይገዛም። በእኛ አገር ያለው መነሻ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። አዋጁ ሰው የተሳሳተ መረጃው እንዲታረምለትና እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ተረት 3፦ «ከላይ የመጣው እውነተኛው ነው»

እውነታ፦ ከስድስቱ ሁሉ ይበልጥ የሚጎዳን ይህኛው ነው። የፍለጋ ማሽን ከተጻፈው ቃል ጋር የሚገጥመውን፣ ሌሎች ገጾች የሚጠቁሙትንና አዲስ የወጣውን ይመዝናል። ማን ከማን እንደተማረ ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«መሪጌታ» የሚለውን ማዕረግ እንውሰድ። ታች ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። በየደብሩ ዓመታት የተማረ ሰው ወደዚያ ወርዶ፣ በመምህሩ ፊት ዜማውን ከነምልክቱ አሳርሞ፣ ስሕተቱ ተነቅሶ ነው «የቤተልሔም ምስክር ነው» የሚባለው። ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። እስቴ ውስጥ ያለው ቆማ ፋሲለደስም በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት አለው። ከእነዚህ ቦታዎች የወጣ መሪጌታ ማኅሌት የሚመራው መምህሩ፣ ጓደኞቹና ደብሩ መስክረውለት ነው።

አሁን ስልክዎን አውጥተው «መሪጌታ» ብለው ይፈልጉ። ከሚመጡልዎት መካከል መስተፋቅር የሚሰጥ፣ ሀብት የሚስብ፣ የሄደች ሚስት የሚመልስ፣ ከስልክ ቁጥር ጋር የተለጠፈ ማስታወቂያ ያገኛሉ። ማዕረጉ መነገጃ ሆኗል። ማስታወቂያው በየቀኑ ይለጠፋል፤ በየቻናሉ ይደገማል፤ ቃሉም ከፍለጋው ጋር ይገጥማል፤ ስለዚህ ከፍ ብሎ ይታያል። ሌሊት ማኅሌት ቆመው፣ ቀን ጎጆ ለጎጆ ከየአገሩ ለመጣ ተማሪ ድጓ ሲነግሩ የሚውሉት መምህር ግን ስለ እርሳቸው የተጻፈ አንድ ገጽ እንኳ የላቸውም። ያልተጻፈን ሰው ማንም ማሽን ሊያሳይ አይችልም። በዚህ ምክንያት በሕይወታቸው ሙሉ ያገኙትን ስም የማያውቁት ሰው ወስዶ ይሸጠዋል።

ማስታወቂያውን ሪፖርት ማድረግ ተገቢ ነው፤ ግን ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። የሚበቃው እውነተኛውን መጻፍ ነው። የመምህሩ ሙሉ ስም፣ የሚያገለግሉበት ደብር፣ ያስመሰከሩበት ቦታ፣ ያስተማሯቸው መምህር ማን እንደሆኑ፣ እርሳቸውን አስፈቅዶ፣ በጥሩ አማርኛ፣ በደብሩ ወይም በሀገረ ስብከቱ ገጽ ላይ ይውጣ። ዊኪፒዲያም ጥሩ ቦታ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሰው አስቀድሞ ያሳተመውን ምንጭ ይፈልጋል፤ ሰው ስለ ራሱ እንዲጽፍም አያበረታታም።

ተረት 4፦ «ስሜን አንድ ጊዜ ጽፌ አይቻለሁ፤ ምንም የለም»

እውነታ፦ የትኛውን አጻጻፍ ተጠቀሙ? ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለፍለጋ ግን የተለያየ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ። ስማዳም አንዳንዴ ሲማዳ ተብሎ ይጻፋል። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል፤ ጋይንት ብቻውን ሦስት አራት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ደግሞ በራስና በአባት ስም የሚመሳሰሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የአንዱ ክስ ለሌላው ይተርፋል። ስለዚህ ስምዎን በሁሉም አጻጻፍ፣ ከነአያት ስም፣ ከወረዳና ከሙያ ጋር እያጣመሩ ይፈልጉ። በፋይዳ፣ በፓስፖርትና በዲፕሎማ ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍም አንድ ይሁን። የአሜሪካ ቪዛ ለሚጠይቅ ወጣት ኢንተርኔት ላይ ያለ ስም ቀላል ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የአሜሪካ ቪዛ ማመልከቻ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀሙባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ስሞች ይጠይቃል።

ተረት 5፦ «ዝም ካልኩ ይረሳል»

እውነታ፦ ገበያ ላይ የተወራ ወሬ በሚቀጥለው ገበያ በሌላ ይተካል፤ የተጻፈ ግን በተፈለገ ቁጥር እንደ አዲስ ይነበባል። ስድብን በስድብ መመለስም አይረዳም፤ ሐሰቱን እያጋሩ «ይህ ውሸት ነው» ማለት ያላየው እንዲያየው ያደርጋል። መጀመሪያ ቀኑና የገጹ አድራሻ እንዲታይ አድርገው ስክሪንሹት ይያዙ። ከዚያ እርማት ይጠይቁ፤ በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት ስሙ የተነካ ሰው መልሱ እንዲወጣለት መጠየቅ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 2044 ደግሞ የሰውን ስም ማጥፋት ተጠያቂ የሚያደርግ ጥፋት ነው ይላል። ከዚህ ጎን ለጎን እውነቱን በራስ ስም አንድ ጊዜ፣ በአጭሩ፣ ያለ ቁጣ ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ተረት 6፦ «የሚያጠፋ ባለሙያ አለ፤ ብር ብቻ ነው የሚፈልገው»

እውነታ፦ የጉግል ማመልከቻዎች ነፃ ናቸው፤ ከፍለው የሚያገኙት የተለየ በር የለም። የይለፍ ቃልዎን ወይም ስልክዎ ላይ የደረሰውን የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅ «ባለሙያ» የሚፈልገው አካውንትዎን ነው። ቅጹን መሙላት ላቃተው ሽማግሌ የሰፈሩ ተማሪ ከአጠገቡ ቁጭ ብሎ ሊሞላለት ይችላል።

እዚህ ላይ የተማረውና ውጭ ያለው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጅ የሚጠበቅበት ሥራ አለ። ስለ አገራችን በእንግሊዝኛ የተጻፈው በአብዛኛው ስለ ድርቅና ስለ እርዳታ ነው፤ ድርቁ ውሸት አይደለም፤ ግን ያገሩ ሰው ታሪክ ይህ ብቻ አይደለም። መምህሮቻችን፣ አዋላጆቻችን፣ ነጋዴዎቻችን፣ ገበሬዎቻችን በሠሩት እንዲታወቁ ፈቃዳቸውን እየጠየቅን እንጻፍላቸው። ክፉ ጽሑፍን ማስነሣት አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ አይሳካም፤ እውነተኛ ምስክርነት ማስቀመጥ ግን ሁልጊዜ በእጃችን ነው። እኛ የተውነውን ቦታ ቀጣፊ እየሞላው ስለሆነ ጊዜ ልንሰጠው አይገባም።