ቺንጊያው ካልወለቀ የማይጠፋው ኤሲ

በቀትር ፀሐይ ከቦሌ አየር ማረፊያ ወደ መገናኛ በሚወስደው የቀለበት መንገድ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ቆማችኋል እንበል። አጠገባችሁ አንድ አሮጌ ቮልስ አለ፤ ሹፌሩ ክንዱን በመስኮት አውጥቷል። የሱ ኤሲ እንግዲህ መስኮቱ ነው።

የመኪና ኤሲ ግን አዲስ ነገር አይደለም። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1940 ሞዴል መኪኖቹ ላይ 274 ዶላር ለጨመረ ገዢ ኤሲ ያስገጥም ነበር።

ኤሲ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ያጓጉዛል እንጂ ቅዝቃዜ አይፈጥርም። መርፌ ልትወጉ ስትሉ የሚቀባችሁን አልኮል አስታውሱ፤ ሲተን ከቆዳችሁ ሙቀት ይወስዳል። በኤሲው ውስጥ ያለው ፈሳሽም ኢቫፖሬተር ውስጥ ሲተን የመኪናውን አየር ያቀዘቅዛል። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይግላል (የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ ይሞቅ የለ?)። የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭው አየር ሰጥቶ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል።

ፓካርድ ላይ ኢቫፖሬተሩ ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ የዕቃ መጫኛውን ቦታ ተሻምቶ ተቀምጧል። ኮምፕሬሰሩን ሞተሩ በቺንጊያ ያዞረዋል፤ የሚያላቅቅ ፍሪሲዮን ግን የለም! ሞተሩ እስከዞረ ድረስ እሱም ይዞራል። ሹፌሩ ከውስጥ የሚቆጣጠረው ማራገቢያውን ብቻ ነው። ክረምት መጥቶ ማጥፋት ሲፈልግ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ፣ ቺንጊያውን ማውለቅ ነበረበት። (ይህን ንድፍ ያጸደቀውን መሐንዲስ ባገኘው ብዙ ጥያቄ አለኝ።) ከ1941 በኋላ ቀረ። ዛሬ የኤሲ ቁልፍ ስትጫኑ ከሞተሩ በኩል «ጠቅ» የሚለው ኮምፕሬሰሩን የሚያያይዘው ማግኔታዊ ፍሪሲዮን ነው።

ያን ፓካርድ ቦሌ ብናመጣውስ? አየር ማረፊያው ከባሕር ጠለል 2,334 ሜትር ከፍ ይላል፤ የአየሩ ግፊት በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ስስ አየር ደግሞ ከኮንደንሰሩ ብዙ ሙቀት አይወስድም። መንገድ ሲዘጋጋ ይባስ፦ ነፋስ የለም፣ ሞተሩም ቀስ ብሎ ስለሚዞር ኮምፕሬሰሩ ይዳከማል። ደግነቱ አዲስ አበባ እንደ ሰመራ አትግልም።

ጋዙም ሌላ ጣጣ አለው። ያኔ የነበረው ፍሪዮን 12 የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ፣ ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ አዳዲስ መኪኖች ወደ አር-134ኤ ዞሩ። አዲሱ ጋዝ ከድሮው የኮምፕሬሰር ዘይት ጋር አይዋሃድም፤ ስለዚህ አሮጌ መኪና ላይ ዝም ብሎ አይሞላም። በየትኛውም መኪና ቢሆን ጋዙ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ከቀነሰ ሾልኳል ማለት ነው። መካኒኩ «ጋዝ ልሙላላችሁ» ካላችሁ፣ መጀመሪያ የሚያፈስበትን ቦታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።