አቅመ ደካማነት በአረጋውያን የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ

እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ ዘመናዊውን ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ይህ ቀዶ ሕክምና ሕመምን በማስታገስና እንቅስቃሴን በመመለስ ረገድ እጅግ ከተሳካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ሆኗል። ሆኖም በተመሳሳይ ምክንያትና በተመሳሳይ ዘዴ ከተቀየረላቸው ሁለት የ75 ዓመት አረጋውያን አንዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በምርኩዝ ሲንቀሳቀስ፣ ሌላው ከሳንባ ምች፣ ከመኝታ ቁስልና ከአእምሮ መቃወስ ጋር ሲታገል ይታያል። ይህን ልዩነት ዕድሜ ብቻውን አያስረዳውም። የልደት ቀናቸው በትክክል ያልተመዘገበ አረጋውያን በሚበዙበት በአገራችንማ በካርዱ ላይ የሰፈረው ዕድሜ ራሱ ብዙውን ጊዜ ግምት ነው።

ልዩነቱን በተሻለ የሚያስረዳው ባለሙያዎች «ፍሬይልቲ» የሚሉት፣ በዚህ ጽሑፍ አቅመ ደካማነት የተባለው ሁኔታ ነው። «መጃጀት» የሚለው ቃል የቀረበ ቢመስልም በአብዛኛው የአእምሮን መዳከም ስለሚያመለክት አይበቃም። አቅመ ደካማነት ማለት የልብ፣ የሳንባ፣ የኩላሊት፣ የጡንቻና የአንጎል የመጠባበቂያ አቅም በአንድነት ተመናምኖ፣ ጤናማ ሰው በቀላሉ የሚቋቋመው ጫና ሰውየውን የሚጥልበት ደረጃ ላይ መድረስ ነው። ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት አምስት ምልክቶችን ለይተዋል፦ ሳይፈለግ የመጣ የክብደት መቀነስ፣ የድካም ስሜት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ። ከእነዚህ ሦስትና ከዚያ በላይ የታዩበት ሰው አቅመ ደካማ፣ አንድ ወይም ሁለት የታዩበት ደግሞ በመንገድ ላይ ያለ ተብሎ ይመደባል። ካናዳዊው ኬነዝ ሮክዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት መለኪያ ከዚህ ይቀላል፤ መሣሪያ አይፈልግም፤ ሰውየው የዕለት ተዕለት ሥራውን እንዴት እንደሚያከናውን በመጠየቅ ደረጃ ይሰጣል።

በዳሌ ታካሚ ላይ ግን ሊዘነጋ የማይገባ ወጥመድ አለ። አራት ሜትር ለመራመድ ከአምስት ሰከንድ በላይ የሚወስድበት አረጋዊ በአብዛኞቹ መለኪያዎች አዝጋሚ ይባላል። የዳሌው መገጣጠሚያ ያለቀበት ሰው ግን የሚያዘግመው ሕመሙ ስለያዘው ሊሆን ይችላል፤ ከቤት የማይወጣውም እንዲሁ። ሕክምናው የሚያስወግደውን ችግር ሕክምናውን ለመከልከያ ምክንያት ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። ስለዚህ የጭብጥ ጥንካሬን፣ የክብደት መቀነስን፣ የማስታወስ ችሎታንና የሌሎች በሽታዎችን ብዛት ማየት፣ ዳሌው ከመታመሙ በፊት ሰውየው እንዴት ይኖር እንደነበረም ቤተሰቡን መጠየቅ ያስፈልጋል። ስብራት በደረሰበት ታካሚ ላይ ደግሞ ደረጃው የሚሰጠው ከመውደቁ በፊት በነበረው ሁኔታ እንጂ በድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ በሚታየው አይደለም።

አቅመ ደካማ በሆነ ታካሚ ላይ ጉዳቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከተተካው መገጣጠሚያ ሳይሆን ከሌላው የሰውነት ክፍል ነው። ደም መፍሰስ፣ ሕመም፣ የሰመመን መድኃኒትና የሽንት ቱቦ ተደማምረው ዴሊሪየም የሚባለውን ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስ ያስከትላሉ። ይህ ሁኔታ ሁልጊዜ በጩኸትና በመንፈራገጥ አይገለጽም፤ ጸጥ ብሎ የሚተኛው፣ ምግቡን የሚተወው ታካሚ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅለት ያልፋል። መተኛት በራሱም ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት ጤናማ አረጋውያን አሥር ቀን ብቻ በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ቢደረግ ከእግራቸው ጡንቻ ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ አጥተዋል። ቀድሞውኑ ጡንቻው ለሳሳ ሰው ይህ መጠን ከወንበር በራሱ በመነሣትና ባለመነሣት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን አቅመ ደካማ ሰው አይታከም ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አገር በብዙ ታካሚዎች መዝገብ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በእነዚህ ታካሚዎች ዘንድ የሞትና የተጓዳኝ ችግሮች መጠን ከፍ ይላል፤ የሚያገኙት መሻሻልም ከጠንካሮቹ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ አብዛኞቹ ከሕመማቸው እፎይታ ያገኛሉ። ለታካሚውና ለቤተሰቡ በቅድሚያ ሊነገር የሚገባው ይኸው ነው፤ ሌሊት ያለ ሕመም መተኛትን የሚሻ ሰውና ወደ እርሻው መመለስን የሚጠብቅ ሰው ከአንድ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት አንድ አይደለም።

ቀጠሮ ለተያዘለት ታካሚ ጊዜው መጠቀሚያ ነው፦ የደም ማነስን ማከም፣ መድኃኒቶችን መከለስ፣ በተለይም የእንቅልፍ መድኃኒቶችን በጥንቃቄ መቀነስ፣ በየቀኑ ከወንበር መነሣትና መቀመጥን ማለማመድ። በጾም ወራት ከሥጋና ከወተት የሚታቀቡ አረጋውያን ከምስር፣ ከሽምብራና ከባቄላ በቂ ፕሮቲን ማግኘታቸውን መጠየቅ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ከነፍስ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ ማሳሰብ ይገባል። የጭን አጥንት አንገት ለተሰበረበት ግን እንዲህ ያለ ፋታ የለም፤ የብሪታንያ መመሪያ ቀዶ ሕክምናው ታካሚው በገባበት ወይም በማግሥቱ ቀን እንዲደረግ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነውና በኖርዌይ ትሮንዳይም በ397 አረጋውያን ላይ በተደረገው ጥናት፣ ከመነሻው በአረጋውያን ሕክምና ክፍል የተያዙት በተለመደው የአጥንት ክፍል ከተያዙት ይልቅ ከአራት ወር በኋላ የተሻለ መንቀሳቀስ ችለዋል።

ታካሚው ወደ ቤቱ ከመሸኘቱ በፊት የሚመለስበትን ቤት ማወቅ ያሻል። መገጣጠሚያው በኋላ በኩል ተከፍቶ ከተተካ ጭንን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውልቃት ሊያስከትል ይችላል። ዝቅተኛ በርጩማ፣ ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት፣ እንዲሁም ስግደት ዳሌን ከዚህ በላይ ያጥፋሉ። ሲያጥፍ የሚንገዳገድ፣ ለመነሣትም ክንዱ የማያግዘው አረጋዊ ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጠ ነው። ከፍ ያለ ወንበር፣ መቀመጫው የተቀደደ የመጸዳጃ ወንበር፣ ጸሎትን ተቀምጦ ማድረስ የሚሉት ምክሮች ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ ለሚያስታምመው ሰውም ከመውጫው ዕለት አስቀድሞ በተግባር ሊታዩ ይገባል።