ዝንባሌ ይገኛል ወይስ ይበቅላል?

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ የሚማር ተማሪ ወደ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሲሻገር ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ መንገድ መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ለምርጫው መነሻ የሚሆነው ግን ብዙ ጊዜ የወላጅ ምኞት፣ የጓደኛ ውሳኔ ወይም የሙያው ስም ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤተሰቡ እያመላለሰ የሚማር ልጅ በቅርብ ያያቸው ባለሙያዎች መምህሩ፣ የጤና ባለሙያውና የግብርና ሠራተኛው ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። ያላየውን ሙያ እንዴት ይውደድ?

ሀገራችን ለጥያቄው የሰጠችው መልስ በአብዛኛው የምደባ መልስ ነው። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለዓመታት የተሠራበት የ70/30 ቀመር፣ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ የሚያደርግ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ የተጀመረው የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት በአንጻሩ ተማሪው የትምህርት ክፍል ከመምረጡ በፊት ትንፋሽ እንዲያገኝ ረድቶታል። ሆኖም ይህ ዕድል የሚደርሰው ዩኒቨርሲቲ ለገባ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ስናስታውስ፣ ሥራው ከታች መጀመር እንዳለበት እንረዳለን።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ስለ ዝንባሌ ምን ይላሉ? አሜሪካዊው ጆን ሆላንድ በ1959 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ሰዎችንና ሙያዎችን በስድስት ዓይነት መደበ፤ ዛሬም ብዙ የዝንባሌ መጠይቆች የሚዘጋጁት በእርሱ መሠረት ነው። መጠይቅ አይጠቅምም አንልም። ነገር ግን «በቤተ ሙከራ መሥራት ትወዳለህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ልጅ ቤተ ሙከራ ገብቶ የማያውቅ ከሆነ መልሱ ግምት ነው። ሂዲና ሬኒንገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ዝንባሌ በአራት ደረጃ ያድጋል። በመጀመሪያ አንድ ነገር ትኩረትን ይስባል፤ ሁኔታው ሲመች ትኩረቱ ይቆያል፤ ቀጥሎ ሰውየው በራሱ ጥያቄ ወደ ነገሩ ይመላለሳል፤ በመጨረሻም ዝንባሌው ሥር ይሰድና ችግር ቢገጥመውም ይጸናል። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ደጋፊ ያጣ ፍላጎት ይከስማል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የኦኪፍ፣ የድዌክና የዋልተን ጥናት ደግሞ፣ ዝንባሌ ተሠርቶ የተቀመጠ ነገር ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች የጓጉለት ነገር ሲከብዳቸው ቶሎ እንደሚተዉት አሳይቷል።

እንግዲህ ተማሪው ከመጠየቁ በፊት መሞከር አለበት። ለሙከራ ደግሞ ምዕራብ ጎጃም ድኻ አይደለም።

ዝናም በሚበዛባቸው የጎጃም ወረዳዎች አርሶ አደሩ መሬቱ ኮመጠጠ፣ ባቄላ እንቢ አለ ሲል እንሰማለን። ለረጅም ዘመን የወረደ ዝናም እንደ ካልሲየም ያሉትን ንጥረ ነገሮች አጥቦ ይወስዳል፤ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ይህንን በስድስት አሮጌ ጣሳዎች ማሳየት ይቻላል። ከታች በኩል የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይበጅላቸው፤ ከአንድ ማሳ የመጣ አፈር ይሞላባቸው። በሦስቱ ላይ ጥቂት ኖራ፣ ከሌለም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የእንጨት አመድ ይደባለቅ፤ ሦስቱ እንዳሉ ይቆዩ። (ሁለት ጣሳ ብቻ ከሆነ አጋጣሚ ሊያሳስተን ይችላል።) ውኃ እየጠጡ ከሰነበቱ በኋላ ባቄላ ይዘራባቸው። ዘሩ የራሱ ስንቅ ስላለው ልዩነቱ ቶሎ አይታይምና ሳምንታትን መታገሥ ያሻል።

የእኛን ትኩረት የሚስበው ግን ከባቄላው ይልቅ ልጆቹ ናቸው። አንዷ በየቀኑ ቁመት እየለካች ሠንጠረዥ ትሠራለች። ሌላው አመዱ አፈሩን ምን እንዳደረገው ካልተነገረው አያርፍም። ሦስተኛው ሥሩን ነቅሎ ካላየ አይረካም። አራተኛዋ፣ ለአንድ ሄክታር በዐሥሮች የሚቆጠር ኩንታል ኖራ ካስፈለገ አርሶ አደሩ በምን ገንዘብ ይገዛዋል፣ በምንስ ያጓጉዘዋል ብላ ትጠይቃለች፤ ይህች ልጅ ማኅበራዊ ሳይንስን በስሙ ሳታውቀው ጀምራዋለች። መምህሩ ማን በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደቆየ በደብተር ቢይዝ፣ ከማናቸውም መጠይቅ የበለጠ ማስረጃ ይኖረዋል። ማን ጎበዝ እንደሆነ አይመዝግብ፤ ነጥብማ ሌላ መዝገብ አለው።

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተመረቁት የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና ትልቁ የምግብ ዘይት ፋብሪካም ለዚሁ ጉዳይ ሊያገለግሉ የሚችሉ ናቸው። ማሽን የሚጠግን፣ ጥራት የሚመረምር፣ ሒሳብ የሚይዝ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ሲሠራ ማየት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለዘጋ፣ ለብዙ ልጆች ጉብኝት ቀርቶ ክፍል መግባትም ሩቅ ሆኖ ነበር። ጣሳውና አፈሩ ግን በቤት ጓሮም ይሠራሉ።

ባቄላው እስኪያድግ ሌላ መሞከር የሚፈልግ ተማሪ ግብጦን ይመልከት። ግብጦ ባቄላ እንቢ ባለው አፈር ላይ ይበቅላል፤ ፍሬው ግን መራራ ስለሆነ እናቶቻችን ቀቅለው ለቀናት ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ምሬቱ የአልካሎይድ ነው። በወራጅ ውኃ የተዘፈዘፈውና በእንስራ ውስጥ ውኃው እየተቀየረ የተዘፈዘፈው እኩል ጊዜ ይፈጅባቸዋል? ጠይቆ የማይጠግብ ልጅ ካለ፣ መልሱን ከእናቱ ጋር ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።