አንቴናው የሌለበት ቱሉ ዲምቱ

የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው፤ በኢትዮጵያ ከራስ ደጀን ቀጥሎ ስሙ የሚነሳ ተራራ ነው። እንዲያም ሆኖ ጫፉ ድረስ መኪና ይወጣል። መኪና የወጣበት ላይ ሌላውም ይከተላልና አናቱ ላይ የመገናኛ አንቴናዎች ቆመውበታል። በዙሪያው ካለው ከሳነቴ አምባ ላይ ሆኖ ተራራውን ፎቶ ያነሳ ሰው፣ ማታ ጎባ ከተማ ተመልሶ ላፕቶፑን ሲከፍት እነዚያን ቀጫጭን ብረቶች ሰማዩን ወግተው ያገኛቸዋል። ላጥፋቸው ካለ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

“ማጥፋት” እንበለው እንጂ ሥራው መሸፈን ነው። ካሜራው ከአንቴናው ጀርባ ያለውን ስላላየ ሶፍትዌሩ ገልጦ የሚያሳየው ነገር የለውም። መሣሪያዎቹን የሚለያያቸው መሸፈኛውን ከየት እንደሚያመጡ ነው። አንጋፋው ክሎን ስታምፕ ከፎቶው አንድ ጥግ ፒክስል ቀድቶ ሌላው ላይ ይለጥፋል፤ ከየት እንደሚቀዳ የሚመርጠው ሰውየው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ከፎቶሾፕ 7 ጋር የመጣው ሂሊንግ ብራሽ የተቀዳውን ከአካባቢው ብርሃንና ቀለም ጋር ያስማማል። በ2010 ኮንተንት አዌር ፊል ሲመጣ ምርጫው ለማሽኑ ተላለፈ፤ የማይፈለገውን ነገር ከብበው ካሳዩት ከዚያው ፎቶ ውስጥ ተመሳሳይ ቁርጥራጭ ፈልጎ ይሞላል። የ2023ቱ ጀነሬቲቭ ፊል ከዚህም አለፈ። ከሌሎች እልፍ ምስሎች የተማረውን ይዞ፣ በዚያ ቦታ ፈጽሞ ያልነበረ ሣርና ድንጋይ ይሥላል።

ሳነቴ ለነዚህ መሣሪያዎች ምቹ ነው። ግራጫው ቁጥቋጦ፣ ጠጠሩና አጭሩ ሣር ዓይን ለይቶ የማይቆጥረው ዝብርቅርቅ ስለሆነ፣ ከመሃሉ አንድ ፌስታል ቢነሳ የሚያውቅ የለም። መከራው ጅብራ የተባለው ተክል ላይ ነው። እያንዳንዱ ጅብራ የራሱ ቁመና አለው፤ ማሽኑ ከአጠገቡ ሲቀዳ ግን መንታ ይተክላል፣ የደረቀው ቅጠል እንኳ በሁለቱም ላይ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ። ከአምባው ኩሬዎች ዳር የቆመ መኪና ሲነሳ ደግሞ ነጸብራቁ ውሃው ላይ ይቀራል፤ ጥላም እንዲሁ ይረሳል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ባዶ ሰማይ ላይ ከሆነ በአንድ ጭረት ይሄዳል። በዲንሾ ጽድ ቅርንጫፍ መሃል ካለፈ ግን ፎቶውን አጉልቶ በክሎን ስታምፕ ቅጠል ለቅጠል መልቀም ነው፤ አቋራጭ የለውም። በችኮላ ነጠብጣብ የሚለቅም ሰው ደግሞ ከጉድጓዱ ብቅ ያለውን የግዙፉን ፍልፈል ራስ እንደ ቆሻሻ ሊጠርገው ይችላል። ይህ ፍልፈል ከባሌ በቀር የትም የለም፤ የቀይ ቀበሮም ዋና ምግብ ነው።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን አቋርጦ ስለሚያልፍ የጭነት መኪና ፎቶ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ለሚያልፍ ነገር የተሻለ ዘዴ አለ፤ እኔም የማምነው እሱን ነው። ካሜራውን በትራይፖድ አቁሞ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ማንሳት፣ ከዚያ ፎቶዎቹን በሌየር ደርቦ ሶፍትዌሩ መካከለኛውን ዋጋ፣ ሚዲያኑን፣ እንዲወስድ ማዘዝ። አብዛኞቹ ላይ የሌለው መኪና ራሱ ይጠፋል፤ የሚተካው መንገድም በእርግጥ የተነሳ መንገድ ነው። ነፋስና ፈጣን ደመና ካለ ግን ቁጥቋጦውም ሰማዩም ይደበዝዛል፤ ሳነቴ ላይ ደግሞ ነፋስ የሌለበት ቀን መጠበቅ ነው።

ምን ይነሳ የሚለው ከእንዴት ይነሳ ይከብዳል። ናሽናል ጂኦግራፊክ በየካቲት 1982 እ.ኤ.አ. ሽፋኑ ላይ የጊዛን ፒራሚዶች ቁመቱ ለሚረዝመው ገጽ እንዲመቹት አቀራርቦ አትሞ ለዓመታት ተወቅሶበታል። እንደ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ያሉ ውድድሮችም ነገር የተጨመረበትን ወይም የተነሳበትን ፎቶ ይጥላሉ፤ ለማጣራትም ካሜራው ያወጣውን ኦሪጅናል ፋይል ይጠይቃሉ። ለሮቤ ሆቴል የግድግዳ ካላንደር አንቴናው ቢነሳ ቅር አልሰኝም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ከብት ግን ዛሬም ይሰማራበታል። ከብቶቹን አንስቶ “የፓርኩ ገጽታ” ብሎ ማውጣት ከካላንደር ጋር አንድ አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው ውሻው ነው። ቀይ ቀበሮ ፊት ለፊት፣ የእረኛ ውሻ ከኋላ ደብዝዞ የሚታይበት ፎቶ ሲገኝ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውሻው ነው፤ ፎቶውን ያበላሻላ! ነገር ግን በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ውስጥ ይኖራሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌው ዌብ ሸለቆ ብዙዎቹን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች የሚተላለፍ ነው። ለዚህም ነው የጥበቃ ሠራተኞች በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን የሚከትቡት። ውሻ ከቀበሮው ምን ያህል ቀርቦ እንደሚውል ለእነሱ የሚያሳያቸው ያልተነካው ፎቶ ነው።