ከምጽዋ እስከ አስመራ፦ ዳገቱን የወጣው የባቡር ሐዲድ

ስለ ባቡር ስንማር ቶሎ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ብረት በብረት ላይ እንደሚንሸራተት እያወቅን ባቡር ዳገት የሚወጣው እንዴት ነው? እኔ ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ ስፈልግ ስዊዘርላንድ ድረስ መሄድ አላስፈለገኝም። እዚሁ ጎረቤታችን ኤርትራ ውስጥ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ደመናውን ሰንጥቆ አስመራ የሚደርስ ሐዲድ አለ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የመስመሩን ታሪክና አሠራሩን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመሩ ለንግድ አልነበረም። በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ወደ 500 የሚጠጋ የጣሊያን ጦር ደመሰሱ። ጣሊያን በምላሹ ብዙ ሺህ ወታደር ወደ ምጽዋ ላከች። ይህ ሁሉ ሠራዊት ደግሞ በዚያ በረሃ ውኃ፣ ስንቅና ጥይት ይፈልጋል። ስለዚህ ከምጽዋ እስከ ሰዓጢ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ተዘረጋ፤ በ1888ም ሥራ ጀመረ። የመጀመሪያው ሐዲድ የዶጋሊ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በኋላ ቅኝ ገዢዎቹ ዋና ከተማቸውን ከሞቃታማዋ ምጽዋ ወደ ደጋው አስመራ ሲያዛውሩ ባቡሩም መከተል ነበረበት። በ1904 ጊንዳ ደረሰ፣ በ1911 አስመራ ገባ። ከዚያም ወደ ምዕራብ ቀጥሎ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት፣ በ1932 ቢሻ ደርሶ ቆመ።

አሁን ቁጥሮቹን እንመልከት። ከምጽዋ እስከ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምጽዋ በባሕር ጠለል ላይ ናት፤ መስመሩ አስመራ አጠገብ ሲደርስ ግን ከፍታው 2,394 ሜትር ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ አዲስ አበባም ከፍታዋ ከአስመራ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ነገር ግን የጥንቱ የጅቡቲ ባቡር እዚህ ለመድረስ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። የምጽዋው ባቡር ተመሳሳይ ከፍታ የሚወጣው በዚያ ርቀት አንድ ስድስተኛ በማይሞላ መንገድ ነው። በዚያ ላይ ዳገቱ እኩል የተከፋፈለ አይደለም። እስከ ጊንዳ ባለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወጣው 900 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ቀሪውን 1,500 ሜትር በ48 ኪሎ ሜትር ውስጥ መጨረስ አለበት። በጣም በከፋው ቦታ ሐዲዱ በየ1,000 ሜትሩ 35 ሜትር ይወጣል።

“35 ሜትር ምን አላት? መኪና ከዚህ የባሰ ዳገት ይወጣ የለ እንዴ?” የሚል አይጠፋም። ነገሩ ወዲህ ነው። ባቡርን ርካሽ የሚያደርገው የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ሰበቃው በጣም አነስተኛ መሆኑ ነው። ሜዳ ላይ አንድ ቶን ጭነት ለመጎተት 5 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት ይበቃል እንበል። በዚያ ዳገት ላይ ግን ለስበት ብቻ 35 ኪሎ ይጨመራል፤ ድምሩ 40 ይሆናል፤ ማለትም የሜዳው ስምንት እጥፍ። በሌላ በኩል ደረቅ ሐዲድ ላይ አንድ ሎኮሞቲቭ ሳይንሸራተት መጎተት የሚችለው በግምት የክብደቱን ሩብ ነው። 40 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ብንወስድ 10 ቶን ጉልበት ይኖረዋል ማለት ነው። በሒሳብ ደረጃ ሜዳ ላይ 2,000 ቶን ይጎትታል፤ ዳገቱ ላይ ግን የራሱን ክብደት ጨምሮ 250 ቶን ብቻ። ዝናብ፣ ጉምና ጠመዝማዛ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በጣም ይቀንሳል።

ለዚህ ችግር በሌላ አገር የተገኘው አንዱ መፍትሔ ጥርስ ያለው ሐዲድ ነው። በ1869 የተከፈተው የአሜሪካው የማውንት ዋሽንግተን መስመርና በ1889 የተከፈተው የስዊዘርላንዱ ፒላቱስ እንዲህ ያሉ ናቸው። የአስመራው መስመር ግን ጥርስ የለውም፤ በሰበቃ ብቻ ነው የሚወጣው። ታዲያ እንዴት ተቻለ?

አንደኛ፣ ሐዲዱ ተራራውን ፊት ለፊት አይጋፈጥም፤ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። በሐዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ በ70 ሜትር ሬዲየስ መታጠፍ ይችላል። መታጠፍ የማይቻልበት ቦታ ዋሻና ድልድይ ተሠርቷል። ሁለተኛ፣ ማሌት የሚባለው የሎኮሞቲቭ ዓይነት ተመረጠ። ይህ በአንድ ቦይለር ሥር ሁለት የጎማ ስብስብ ያለው ነው። የኋላው የቦይለሩን አካል ይዞ ይቆማል፤ የፊተኛው ግን እንደ ጋሪ ግንባር ይዞራል። ስለዚህ ብዙ ጎማ ቢኖረውም ጠመዝማዛው አያስቸግረውም። እንፋሎቱም ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መጀመሪያ በኋላዎቹ ሲሊንደሮች በከፍተኛ ግፊት፣ ቀጥሎ በፊተኞቹ በዝቅተኛ ግፊት። በ1938 አንሳልዶ የሠራቸው ማሌቶች ዕድሜያቸው ረጅም ሆኖ እስከዚህ ክፍለ ዘመን ድረስ ሠርተዋል።

መውረዱም ከመውጣቱ አይቀልም። ዳገቱ ላይ የሚያስቸግረው ስበት ቁልቁለቱ ላይ ባቡሩን ይገፋዋል። ስለዚህ ሎኮሞቲቩ ብቻውን ሳይሆን ፉርጎዎቹም ፍሬን ያዥ ነበራቸው፤ ፍሬን ያዡ የእጅ ፍሬኑን እያጠበቀና እያላላ ይወርድ ነበር።

የመስመሩን ታሪክ ለማሳመር ብለን የማንደብቀው ነገር አለ። በ1935 ፋሽስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ወታደሩንና መሣሪያውን ወደ ደጋው ካወጡት አንዱ ይኸው ባቡር ነበር። ሐዲዱ ብቻውን ስላልበቃ በ1937 ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የኬብል መስመርም ተጨመረ፤ እሱን በኋላ እንግሊዞች ነቅለውታል። ባቡሩ ግን በፌዴሬሽኑም ዘመን ከዚያም በኋላ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ቆይቶ በ1970ዎቹ አጋማሽ ጦርነቱ አስቆመው። ሐዲዱና ከሥሩ የተነጠፈው ብረት እየተነቀለ ለሁለቱም ወገን ምሽግ መሥሪያ ሆነ። ባቡር የተሸከመው ብረት ከጥይት መከለያ ጣራ ሆነ ማለት ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ከ1994 ጀምሮ ኤርትራውያን መስመሩን በራሳቸው አቅም መጠገን ጀመሩ። ሐዲዱን ከየምሽጉ ለቅመው አመጡ። ችግሩ ግን ብረቱ ብቻ አልነበረም፤ ሙያው ነበር። እንፋሎት ሎኮሞቲቭ መፍታትና መግጠም የሚያውቅ ወጣት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጡረታ የወጡ አረጋውያን ተጠሩ። አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ሰባ አልፎ ነበር። እነሱ እያሳዩ ወጣቶቹ እየሠሩ በ2003 ባቡሩ እንደገና አስመራ ገባ፤ በኋላም በላይኛው ክፍል ቱሪስቶችን ሲያመላልስ ታይቷል። እነዚያ አባቶች አሥር ዓመት ዘግይተው ቢጠሩ ኖሮ ሥራው ይሳካ ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከተናል። እኛ ከ2016 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ የጅቡቲ መስመር አለን፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን የድሬዳዋው የድሮ ወርክሾፕ ባለሙያዎች በእጃቸው የያዙት ዕውቀት በአብዛኛው በመጽሐፍ አልሰፈረም። ሐዲድ ቢነቀል ከምሽግም ቢሆን ተለቅሞ ይመለሳል፤ ሰው ይዞት የሄደው ሙያ ግን አይመለስም። ስለዚህ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራ ርዕስ ስንመርጥ፣ ከኮምፒውተሩ ሞዴል ጎን ለጎን ድሬዳዋ ወርደን እነዚያን አባቶች ብንጠይቅና ብንመዘግብ ይጠቅማል እላለሁ። መምህሮቻችንም ቢያስቡበት መልካም ነው።