መስኮቱ ተዘግቶ የሚተነፍስ ቤት

በጀርመን ክረምት መስኮት ከፍቶ መተኛት የተከፈለበትን ሙቀት ሜዳ ላይ መድፋት ነው። ዘግቶ መተኛት ደግሞ ጠዋት የታፈነ ክፍል፣ ውሎ አድሮም መታጠቢያ ቤቱ ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ። በ1990 እና 1991 እ.ኤ.አ. ዳርምሽታት ከተማ፣ ክራኒሽሽታይን ሰፈር ውስጥ እነ ቮልፍጋንግ ፋይስት ያሠሯቸው አራት ተያያዥ ቤቶች ለዚህ መላ አበጁለት፦ ግድግዳውን በወፍራሙ አለበሱት፣ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈኑ፣ አየር የማመላለሱን ሥራ ለማሽን ሰጡ።

ማሽኑ ሁለት ማራገቢያ ያለው ሣጥን ነው። አንዱ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት ያደፈውን ሙቅ አየር እየሳበ ያስወጣል፤ ሌላው ከውጭ ንጹሑን አስገብቶ ለመኝታ ቤትና ለሳሎን ያድላል። ሁለቱ አየሮች በስስ ገበታዎች ተለያይተው ይተላለፋሉ። አይቀላቀሉም፤ ሙቀቱ ግን ከወጪው ወደ ገቢው ይሻገራል። ውጭው ዜሮ፣ ቤቱ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ 80 በመቶ ሙቀት የሚመልስ ማሽን 16 ዲግሪ የሞቀ አየር ያስገባል። እኔ ይህን ብልሃት እጅግ እወደዋለሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከተከላው ነው። ጣሪያ ውስጥ የተጨመቀ ተጣጣፊ ቱቦ እንደታጠፈ የውኃ ጎማ አየሩን ያንቃል፤ ማራገቢያው በግድ ሲገፋ ይጮኻል፤ እንቅልፍ ያጣው ነዋሪ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያደርገዋል ወይም ያጠፋዋል። ሆላንድ ውስጥ፣ በአመርስፎርት ከተማ ፋትሆርስት በተባለው አዲስ ሰፈር፣ ነዋሪዎች ስለ ጤናቸው ያሰሙት አቤቱታ ሲጣራ የተገኘው ይኸው ነበር፦ ያነሰ አየርና የበዛ ድምፅ። የሚወጣው ከሚገባው ሲበልጥ ደግሞ ቤቱ ቀዝቃዛውን አየር በየስንጥቁ ይስባል፤ ያ አየር በማሽኑ በኩል ስላላለፈ የሚሞቅበት የለም።

እኔ የምኖርበት አፓርታማም እንዲህ ያለ ማሽን አለው፤ ቡና ስቆላ ጭሱ ቶሎ ይወጣ ነበር። አንድ ሰሞን ግን ሽታው እስከ ማግስቱ ያድር ጀመር። የማሽኑን ክዳን ከፍቼ የአየር ማጣሪያውን ስስበው እንደ ምጣድ ጀርባ ጠቁሯል፤ ትንኝ በላዩ ተጣብቆበታል። ቤቱን ስረከብ ስለ ማጣሪያ የነገረኝ ሰው አልነበረም። አዲሱን ካስገባሁ በኋላ ቁራጭ ሶፍት ወስጄ መታጠቢያ ቤት ካለው የአየር መውጫ ሥር ያዝኩት፤ ከእጄ ተስቦ ወንፊቱ ላይ ልጥፍ አለ።

እንዲህ ያለ ቤት የሚረከብ ሰው ቁልፉን ሲቀበል በየክፍሉ የሚገባውና የሚወጣው አየር ስንት ሆኖ እንደተለካ የሚያሳየውን ወረቀት አብሮ ይጠይቅ። ካልተለካ፣ ይለካለት።